ፋይል ሌሊት ሌሊት በራሱ እንዲላክ፦ ግማሹ ሄዶ ግማሹ እንዳይቀር

የቅርንጫፍ የቀን ሽያጭ፣ የክሊኒክ መዝገብ ባክአፕ፣ የደመወዝ ዝርዝር፤ ይዘቱ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው። ሰው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ አንድ ፋይል ከአንዱ ማሽን ተነሥቶ ሌላው ላይ ማረፍ አለበት። በእጅ አንድ ጊዜ መላክ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ከባዱ ነገር ማንም ሳያየው በየሌሊቱ ሲላክ ነው፤ ግማሽ የደረሰ ፋይል እንደ ሙሉ እንዳይቆጠር፣ ያልሄደ ፋይልም በዝምታ እንዳይታለፍ። ከታች ያለው አሠራር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ስጋቶች ላይ የተሠራ ነው።

ለምሳሌነት ሐዋሳ ያለ ቅርንጫፍ ኡቡንቱ ሊኑክስ ከተጫነበት ማሽን አዲስ አበባ ወዳለ የኡቡንቱ ሰርቨር የቀኑን ሽያጭ ዚፕ አድርጎ ይልካል እንበል። ትእዛዞቹን በድምፃቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ይተየባሉ። «ትልቁ» ካልተባለ የአማራጭ ፊደሎች ሁሉ ትንንሾቹ ናቸው።

በምን እንላክ

ኤፍቲፒን ተዉት። በፈረንጆች 1971 የተጀመረ፣ ደንቡ በ1985 የጸና የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል ነው፤ ፓስዎርዱንም ፋይሉንም ሳያመሰጥር በገሃድ ይልካል። ኤስኤስኤች፣ ማሽኖች በምስጠራ የሚገናኙበት ፕሮቶኮል፣ በ1995 የተወለደውም ለዚሁ ችግር ነው፤ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስዎርዶች ከተጠለፉ በኋላ ታቱ ኡሎነን ሠራው። ኤስኤፍቲፒ በዚህ በኤስኤስኤች ላይ ይሄዳል፤ አንድ ፖርት፣ 22፣ ይበቃዋል። በስሙ ብቻ ከኤፍቲፒ ጋር ይመሳሰላል እንጂ ዝምድና የለውም። ኤፍቲፒኤስ ደግሞ ሌላ ነው፤ ቲኤልኤስ የሚባል ምስጠራ የለበሰው ያው ኤፍቲፒ ነው፤ ለዳታ ሌሎች ፖርቶችን ስለሚከፍት ፋየርዎል ላይ ራስ ምታት ነው። አጋር ድርጅት «ኤስኤፍቲፒ አለን» ሲላችሁ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ፖርቱን ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ 21 ወይም 990 ካላችሁ ሌላኛውን ማለቱ ነው።

ቁልፉ

ትእዛዞቹን ተራ በተራ በሚያስኬደው ስክሪፕት ውስጥ ፓስዎርድ አይጻፍም። ስክሪፕቱ ይገለበጣል፣ በኢሜይል ይላላካል፣ ባክአፕ ውስጥ ይገባል፤ ፓስዎርዱም አብሮ ይዞራል። በቅርንጫፉ ማሽን ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ «ላኪ» የሚባል ተጠቃሚ ፍጠሩና በእሱ ስም ገብታችሁ ቁልፍ አውጡ፦

ኤስኤስኤች-ኪጀን -ቲ ኢዲ25519 -ኤፍ ~/.ኤስኤስኤች/ላኪ_ቁልፍ

የቁልፍ መክፈቻ ሐረግ ሲጠይቅ ሁለቴ ኢንተር ብላችሁ ባዶ ተዉት፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚተይበው ሰው የለምና። ሁለት ፋይል ይወጣል። «.ፐብ» የሚል ጭራ ያለው ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ነው፤ ጭራ የሌለው የግል ቁልፉ ነው፣ ከማሽኑ አይወጣም። የሰርቨሩ አስተዳዳሪ «ቁልፉን ላክልኝ» ቢላችሁ የምትልኩት ባለ ጭራውን ብቻ ነው። ሌላውን በስሕተት በቴሌግራም የላከ ሰው መልእክቱን ማጥፋቱ አይበቃውም፤ ቁልፉን ጥሎ አዲስ ያወጣል።

ፈቃዶቹን አስተካክሉ፤ የ«.ኤስኤስኤች» ፎልደር 700፣ የግል ቁልፉ 600፤ ሁለቱም ከባለቤቱ በቀር ለማንም አይከፈትም ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከተከፈተ ኤስኤስኤች ቁልፉን አልጠቀምም ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ያ ደግ ነው፣ ቢያንስ ምክንያቱን ይናገራል። ክፉው የሰርቨሩ በኩል ነው፤ የተጠቃሚው ሆም ፎልደር ግሩፑ እንዲጽፍበት ከተፈቀደ ሰርቨሩ ቁልፉን ዝም ብሎ ይንቀዋል፤ እናንተ የምታዩት «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብቻ ነው። ትክክለኛው ምክንያት ያለው ሰርቨሩ ላይ «/ቫር/ሎግ/ኦውዝ.ሎግ» ውስጥ ነው። ግማሽ ቀን ቁልፍ ደጋግሞ ከማውጣት በፊት እሱን ማንበብ ይሻላል።

ሐረግ የሌለው ቁልፍ የሰረቀ ሰው በቀጥታ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ቁልፉ የሚከፍተውን በር ማጥበብ ግዴታ ነው። ሰርቨሩ ላይ በ«ኦተራይዝድ_ኪስ» ፋይል ውስጥ ከቁልፉ መስመር ፊት «ሪስትሪክት» የሚለውን ቃል ጨምሩ፤ ተርሚናልንና የፖርት ማስተላለፍን ይዘጋል። ቅርንጫፉ ቋሚ አይፒ ካለው «ፍሮም=» ብላችሁ አድራሻውን ጨምሩበት። ቋሚ አይፒ ከሌለ ግን አትጨምሩት፤ ራውተሩ በተነሣ ቁጥር አድራሻው ተቀይሮ መላኩ ይቆማል፤ ያን ጊዜ የሚቸኩለው ሰው ገደቡን አጥብቦ ከማስተካከል ይልቅ ሁሉንም ያነሣዋል።

ሰርቨሩ ላይ

ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ተጠቃሚ ይኑረው፤ ሁሉም በ«ኤስኤፍቲፒኦንሊ» ግሩፕ ውስጥ ይግቡ። ከዚያ በ«ኤስኤስኤችዲ_ኮንፊግ» መጨረሻ ላይ፦

ማች ግሩፕ ኤስኤፍቲፒኦንሊ
ቸሩትዳይሬክተሪ /ኤስአርቪ/ኤስኤፍቲፒ/%ዩ
ፎርስኮማንድ ኢንተርናል-ኤስኤፍቲፒ
አላውቲሲፒፎርዋርዲንግ ኖ

ይህ ቅርንጫፉ ከራሱ ፎልደር ወጥቶ የሌላውን እንዳያይ ይቆልፈዋል። ብዙ ሰው የሚወድቅባት አንዲት ነጥብ አለች፤ የሚቆለፍበት ፎልደርና ከሱ በላይ ያሉት ሁሉ ባለቤታቸው ሩት፣ የሰርቨሩ የበላይ ተጠቃሚ፣ መሆን አለበት፤ ከሩት በቀር ማንም አይጽፍባቸውም። ተጠቃሚው እንዲጽፍ ሲባል ፎልደሩን ለእሱ ከሰጣችሁት ግንኙነቱ ገና ሲከፈት ይዘጋል። መፍትሔው ውስጡ «ገቢ» የሚል ንዑስ ፎልደር ፈጥሮ እሱን ብቻ ለተጠቃሚው መስጠት ነው።

ሰርቪሱን እንደገና ከማስነሣታችሁ በፊት «ኤስኤስኤችዲ -ቲ» ብላችሁ የፋይሉን ሰዋስው አስፈትሹ፤ የተከፈተውን ተርሚናላችሁንም አትዝጉ። ሰርቨሩ በሌላ ከተማ ከሆነ ይህ ምክር አንድ የአውሮፕላን ትኬት ያድናል።

አሻራውን በስልክ

መጀመሪያ ስትገናኙ ኤስኤስኤች የሰርቨሩን አሻራ፣ ማንነቱን የሚለይ የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት፣ አሳይቶ «ይህን ታምናለህ ወይ» ይላል። ስክሪፕት ለዚህ ጥያቄ መመለስ አይችልም፤ ስለዚህ ብዙዎች «ስትሪክትሆስትኪቼኪንግ=ኖ» ብለው ምርመራውን ያጠፉታል። ይህ ደብዳቤውን በሰም አሽጎ በሩን ላንኳኳ ሁሉ እንደመስጠት ነው፤ ምስጠራው አለ፣ ግን ከማን ጋር እንደሆነ አይታወቅም። ትክክለኛው መንገድ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ሰርቨሩ ዘንድ የተቀመጠ ሰው ይህን ያስኪድ፦

ኤስኤስኤች-ኪጀን -ኤል -ኤፍ /ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኤስኤስኤች_ሆስት_ኢዲ25519_ኪ.ፐብ

የወጣውን አሻራ በስልክ ያንብብላችሁ፤ እናንተ ከምታዩት ጋር ፊደል በፊደል ካመሳከራችሁ በኋላ እሺ በሉት። ይህን ማድረግ ያለባችሁ «ላኪ» የተባለውን ተጠቃሚ ሆናችሁ ነው፤ በራሳችሁ ስም ያመናችሁት አሻራ በእናንተ ፎልደር ውስጥ ይቀራል፣ ሌሊት የሚነሣው ስክሪፕት ግን አያውቀውም። ከወራት በኋላ ሰርቨሩ ተቀይሮ «አሻራው ተለውጧል» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ ስክሪፕቱ መቆሙ ተገቢ ነው፤ አሮጌውን መስመር ሰርዛችሁ እንደገና በስልክ አመሳክሩ።

መላኩ

የኤስኤፍቲፒ ትእዛዞች በተራ ጽሑፍ ፋይል ይቀመጣሉ፤ «-ቢ» በሚለው አማራጭ ይነበባሉ። በዚህ አማራጭ ሲሄድ ፓስዎርድ አይጠይቅም፤ አንዱ ትእዛዝ ሲከሽፍ ቀጣዩን ትቶ ዜሮ ባልሆነ መውጫ ቁጥር ይቆማል (ዜሮ ማለት ተሳክቷል ማለት ነው)። የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ትእዛዞቹ፦

ሲዲ ገቢ
ፑት ሽያጭ.ዚፕ ሽያጭ.ዚፕ.ክፋይ
ፑት ሽያጭ.ሻ256
ሪኔም ሽያጭ.ዚፕ.ክፋይ ሽያጭ.ዚፕ

ፋይሉ በጊዜያዊ ስም ይሄዳል፤ ሙሉ በሙሉ ከደረሰ በኋላ ብቻ እውነተኛ ስሙን ያገኛል። ተቀባዩ ፕሮግራም «.ዚፕ» ብለው የሚያበቁትን ብቻ ስለሚያነሣ በመንገድ ላይ ያለን ፋይል በስሕተት አይከፍትም። 2 ጊጋባይት በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሆነ መስመር ከአንድ ሰዓት በላይ፣ 67 ደቂቃ ገደማ፣ ይወስዳል። ያ ሁሉ ጊዜ ለጥፋት ክፍት ነው። ሻ256 ይዘቱ ትንሽ ቢለወጥ የሚለወጥ የፋይሉ መለያ ነው፤ ፋይሉ ከመላኩ በፊት በ«ሻ256ሰም» ታወጡታላችሁ፤ ተቀባዩ «-ሲ» በሚለው አማራጭ ያመሳክረዋል። 64 ቁምፊ ብቻ ነው፤ የመስመሩን ዋጋ አይጨምርም።

ስም መቀየሩ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኦፕንኤስኤስኤች ቀድሞ በዚያ ስም የተቀመጠ ፋይል ካለ ይተካዋል፤ ሌሎች የኤስኤፍቲፒ ሰርቨሮች ግን እንቢ ሊሉ ይችላሉ። ከሪኔም በፊት «አርኤም» ጨምራችሁ ከፊቱ የሰረዝ ምልክት አድርጉበት፤ ሰረዝ የቀደመው ትእዛዝ ቢከሽፍም ሥራው ይቀጥላል።

የማስጀመሪያው መስመር ይህን ይመስላል፤ አማራጭ «-ኦ» ከእያንዳንዱ ቅንብር ፊት ይደገማል፦

ኤስኤፍቲፒ -ቢ ትእዛዝ.ቲኤክስቲ -አይ ~/.ኤስኤስኤች/ላኪ_ቁልፍ -ኦ ኮኔክትታይምአውት=15 -ኦ ሰርቨርአላይቭኢንተርቫል=15 -ኦ ሰርቨርአላይቭካውንትማክስ=4 ሐዋሳ1@ሰርቨር

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መስመሩ ከሞተ ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ተስፋ እንዲቆርጥ ያደርጋሉ። እነሱ ከሌሉ ኔትወርኩ ሳይሰናበት ሲጠፋ ስክሪፕቱ ለረጅም ጊዜ ደርቆ ሊቀመጥ ይችላል፤ እሱ ሳይወጣ ሌላ ከተነሣ ሁለቱ አንድ ፋይል ላይ ይሻማሉ። ለዚያም መከላከያው «ኤፍሎክ -ኤን» ነው፤ አንዱ እየሠራ ከሆነ ሁለተኛው ሳይጀምር ይወጣል።

ስክሪፕቱ አናት ላይ «ሴት -ኢዩኦ ፓይፕፌይል» ይኑር፤ ስሕተት ሲገጥመው እንዲቆም ያደርገዋል። የስክሪፕቱን ውጤት «ቲ» በሚባለው ትእዛዝ በኩል ወደ ሎግ (የሥራ መዝገብ) የሚያሳልፍ ሰው «ፓይፕፌይል» ከሌለው የሚያነበው የ«ቲ»ን መውጫ ቁጥር ነው፤ ያ ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ዜሮ ነው። ፋይሉ ለሳምንታት ሳይሄድ «ተሳክቷል» የሚል ሎግ የሚከማቸው በዚህ ነው።

የስሕተት መልእክቶቹ ደግሞ ቁጥብ ናቸው። የሰርቨሩ ዲስክ ሲሞላ ኤስኤፍቲፒ የሚላችሁ «ፌይለር» ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ «ዲኤፍ» ብላችሁ ቦታውን ማየት የመጀመሪያ ልማዳችሁ ይሁን።

የዛሬን ሳይሆን ያልተላከውን

አብዛኛው ስክሪፕት የዛሬን ቀን ስም ሠርቶ ያንን ፋይል ይልካል። ከዚያ አንድ ሌሊት መብራት ይጠፋል፤ በማግስቱ የማግስቱ ፋይል ይሄዳል፤ የትናንቱ እስከ ወር መዝጊያ ድረስ አይታወስም። «የሚላክ» እና «የተላከ» የሚሉ ሁለት ፎልደሮች ይኑሯችሁ። የሽያጭ ፕሮግራሙ ፋይሉን «የሚላክ» ውስጥ ያስቀምጣል፤ ስክሪፕቱ እዚያ ያገኘውን ሁሉ አንድ በአንድ ይልካል፤ የመውጫ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ብቻ ወደ «የተላከ» ያዛውራል። ሦስት ቀን መብራት ቢጠፋ በአራተኛው አራቱም ይሄዳሉ። ከማንኛውም የድጋሚ ሙከራ ዘዴ ይልቅ ይህ ይበልጣል፤ ሌላው ሁሉ ቢዘለል ይህ አይዘለል።

ፋይሉ ከመቶ ሜጋባይቶች ካለፈና መስመሩ የሚቆራረጥ ከሆነ በየጊዜው ከዜሮ መጀመር አያዋጣም፤ ከቆመበት መቀጠል የሚችለው አርሲንክ የሚባል ፕሮግራም ይሻላል። ነገር ግን «--ፓርሻል» ብቻ ብትሉት የተቆረጠውን ፋይል በእውነተኛ ስሙ ይተወዋል፤ ያ የሸሸነው ነገር ነው። «--ፓርሻል-ዲር=.ክፋይ» በሉት፤ ግማሹ በተደበቀ ፎልደር ይቆይና በሚቀጥለው ሙከራ ከዚያ ይቀጥላል። አርሲንክ በሰርቨሩም ላይ መጫን አለበት፤ በ«ኢንተርናል-ኤስኤፍቲፒ» በተቆለፈ ተጠቃሚ በኩል አይሠራም። ያን ጊዜ ከአርሲንክ ጋር የሚመጣውን «አርአርሲንክ» ቁልፉ መስመር ላይ ማሰር ነው። «--ዲሊት» የሚለውን አማራጭ ደግሞ ለባክአፕ አትጠቀሙበት፤ እዚህ በስሕተት የጠፋውን እዚያም ያጠፋዋል።

ሰዓቱ

ክሮን፣ ትእዛዝን በተቀጠረለት ሰዓት የሚያስነሣው የሊኑክስ ፕሮግራም፣ የሚያውቀው ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥረውን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ማለት 2፡10 ነው፦

10 2 * * * /ሆም/ላኪ/ላክ.ኤስኤች

የተከራያችሁት ሰርቨር በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የተቀመጠ ከሆነ ግን ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ሄዶ ያለፈው ቀን 23፡10 ይሆናል። ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። እኛ ለረቡዕ አጥቢያ የምንለው ሰዓት በአዲስ አበባ ሰዓት ለተቀመጠ ማሽን ረቡዕ ነው፣ በዩቲሲ ለተቀመጠው ገና ማክሰኞ። በማክሰኞ ሽያጭ ላይ የሚጻፈውን ቀን ከሰዓቱ የሚወስድ ስክሪፕት አንዱ ላይ በትክክል ሠርቶ ሌላው ላይ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ቀኑን ስክሪፕቱ አይፍጠረው፤ የሽያጭ ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲሠራ ይጻፍበት። ኢትዮጵያ ሰዓት የምትቀይርበት ወቅት የላትም፤ ሰርቨሩ አሜሪካ ወይም እስራኤል በአገሩ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ይለወጣል።

ወር መዝጊያ ላይ የሚላክ ፋይል ሌላ ጣጣ ነው፤ ክሮን ጳጉሜንን አያውቅም። ስክሪፕቱን በየቀኑ አስነሡና ቀኑን ራሱ ያስላ። መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጆች ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለፉትን ቀናት ለ1461 አካፍሉና ቀሪውን ያዙ። ቀሪውን ለ365 ስታካፍሉ የሚገኘው ሙሉ ቁጥር ከአራት ዓመቱ ዙር ስንተኛው ዓመት እንደሆነ ይነግራል፤ ከዜሮ ስለሚቆጠር 4 ከመጣ 3 አድርጉት፣ ያ ጳጉሜን 6 ነው። ያን ቁጥር በ365 አባዝታችሁ ከቀሪው ቀንሱ፤ የተረፈው ለ30 ሲካፈል ድርሻው ሲደመር 1 ወሩ፣ ትራፊው ሲደመር 1 ቀኑ ነው። ለምሳሌ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ድረስ 730 ቀን አለ፤ 2 ዓመት ሞልቶ ትራፊ የለም፤ መስከረም 1 ቀን 2018 ይሆናል።

ክሮን በእጅ ከማስኬድ የሚለይባቸው ነገሮች አሉ። የፕሮግራሞች መገኛ ዝርዝሩ አጭር ስለሆነ ሙሉ መንገዱን ጻፉ። በክሮንታብ መስመር ውስጥ የ% ምልክት አዲስ መስመር ማለት ነው፤ ቀን የሚያወጣ ትእዛዝ እዚያ አትጻፉ። በቀን ሲሞከር የሚሠራ ቁልፍ ሌሊት እንቢ ካለ ደግሞ ምናልባት ሐረግ ያለው ቁልፍ ነው፤ ቀን የእናንተ ዴስክቶፕ ከፍቶ ይዞት ነበር። ማሽኑ ሌሊት የሚጠፋ ከሆነ ከክሮን ይልቅ የሲስተምዲ ታይመር «ፐርሲስተንት=ትሩ» ተብሎ ይቀመጥ፤ ያመለጠውን ማሽኑ ሲነሣ ይፈጽማል።

የፋይል ስም

የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ በተለመደው የጽሑፍ ኮድ፣ ሦስት ባይት ይወስዳል። የሊኑክስ የተለመዱት የፋይል ሥርዓቶች ለስም 255 ባይት ይፈቅዳሉ፤ ማለት 85 ፊደል። የሪፖርት ርእስን እንዳለ ለፋይል ስም የሚሰጥ ሰው ይህን ይሞላዋል። ከዚያ የሚብሰው «ሐምሌ» እና «ሀምሌ» ለጆሮ አንድ ለማሽን ሁለት መሆናቸው ነው፤ አንዱ ጸሐፊ ሲቀየር ስክሪፕቱ ፋይሉን አያገኘውም። ለሚጓጓዝ ፋይል በላቲን ፊደልና በቁጥር፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ዓመት-ወር-ቀን አድርጋችሁ ሰይሙ፤ አማርኛው ፋይሉ ውስጥ ይሁን።

ዊንዶውስ ላይ

በፈረንጆች ከ2018 ወዲህ ዊንዶውስ 10 የኦፕንኤስኤስኤች ደንበኛ ይዞ ይመጣል፤ ከላይ ያለው የኤስኤፍቲፒ መስመር ያለ ብዙ ለውጥ ይሠራል፤ የሚያስነሣው ታስክ ስኬጁለር ነው። ዊንኤስሲፒ የተባለውን የዊንዶውስ ፋይል መላኪያ የለመደ በስክሪፕት ፋይሉ መጀመሪያ «ኦፕሽን ባች አቦርት» ይጻፍ፤ የሰርቨሩን አሻራም በ«-ሆስትኪ» ይስጠው። ኖትፓድ ላይ ተጽፎ ወደ ሊኑክስ የሄደ ስክሪፕት በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ቁምፊ ይይዛል፤ «ዶስ2ዩኒክስ» ያጸዳዋል።

የሚጮኸው ተቀባዩ ነው

የላኪው ማሽን ሲከሽፍ መልእክት ይላክ፤ በ«ከርል» አንድ መስመር ወደ ቴሌግራም ቦት ይበቃል፤ የቦቱ ምስጢራዊ ቁልፍ ፈቃዱ 600 በሆነ ሌላ ፋይል ይቀመጥ። ግን መብራት የጠፋበት ማሽን መልእክት አይልክም። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት የሚነሣ ሌላ ትንሽ ስክሪፕት ይኑር፤ የእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የትናንት ፋይል መድረሱን፣ ሻ256ው መግጠሙን፣ መጠኑም ከዜሮ በላይ መሆኑን ይይ፤ የጎደለውን በስም ጠርቶ ያሳውቅ።

ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት እነዚህን በቀን፣ እያያችሁ፣ ሞክሩ። ፋይሉ እየሄደ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፤ ሰርቨሩ ላይ «.ክፋይ» ብቻ መቅረት አለበት። በቅርንጫፉ ማሽን ላይ የሰርቨሩን አሻራ መስመር በሌላ ሰርቨር አሻራ ተኩት፤ ስክሪፕቱ አንድ ባይት ሳይልክ መቆም አለበት። ስክሪፕቱን በአንድ ጊዜ ሁለቴ አስነሡ። ፋይል ሳታስቀምጡ አስኪዱት። በመጨረሻም ክሮኑን አጥፉና አንድ ሌሊት አሳድሩ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስልካችሁ ካልጮኸ ሥራው ገና አላለቀም።